«ሳንቲም ፕሮፋይል ያደረገ ሁሉ አጭበርባሪ ነው» ላልከው የኮምቦልቻ ወንድሜ

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ያለ አንድ ወንድማችን ስለ ድሮ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ፕሮፋይል ፎቶ የጻፋትን ነገር እዚ ደሴ ያላነበበ ሰብሳቢ ያለ አይመስለኝም፣ ለኔ ራሱ ከየአቅጣጫው ሲላክልኝ ነው የከረመው። ላላያችሁት ባጭሩ፣ ሰብሳቢዎች የራሳቸውን ፊት ትተው የምኒልክን፣ የማርያ ትሬዛን፣ የጃንሆይን ፊት የሚለጥፉት ሊያጭበረብሩ ስለፈለጉ ነው ይላል። ፎቶዎቹ ከኢንተርኔት የተለቀሙ ናቸው፣ ምንም ታሪክ የላቸውም ይላል። የነጭ ንግስት ፊት መለጠፍ ውርደት ነው፣ የማይረባ መዳብ መለጠፍ ደግሞ ጉራ ነው፣ የአክሱም ሳንቲም የለጠፈማ ከሙዚየም ሳይሰርቅ አይቀርም ይላል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ሰው መታወቂያውንና ሳንቲሙን ይዞ ፎቶ ይነሳና እሱን ፕሮፋይል ያድርግ ብሎ ይዘጋል። ጽሑፉ ንዴት አለበት፣ ንዴቱም ከሜዳ አልመጣም፣ ፎርጅድ የምኒልክ ብር ሸጦለት የጠፋው ሰውዬ ፕሮፋይሉ ምኒልክ ነበር። የምር ያሳዝናል። ግን አንድ ሌባ ስላጋጠመው አገር ምድሩን ሌባ ማድረግ ምን የሚሉት ነገር ነው?

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር፣ ፊታቸውን የደበቁት ሊሰርቁ ነው ካልከው። ወንድሜ አንተ ሃረጎን ወርደህ ሜዳ ላይ ነው የምትኖረው፣ ደሴ ግን ጦሳ ስር ተጠጋግቶ የተቀመጠ ከተማ ነው፣ ፒያሳ ላይ ያስነጠስክ እንደሆነ ወሬው ቧንቧ ውሃ ሲደርስ ሆስፒታል ገብተሃል። እንደዚ ባለ ከተማ ሰው ፊቱን ለጥፎ ከስሩ የማርያ ትሬዛን ጠገራ ብር ደርድሮ ያሳይ? አንዱ ጠገራ 28 ግራም ነው የሚመዝነው፣ ከዛ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ ንጹህ ብር ነው፣ ታሪኩ የማይገባው ሌባ እንኳ ለአንጥረኛ በግራም ሊሸጠው ይችላል። ሴቶቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ፊቷን ያሳየች ቀን ስለ ሳንቲም የሚጠይቃት ጠፍቶ ኢንቦክሷ በ«ሰላም ቆንጆ» ይሞላል፣ ይሄን እህቶቻችሁን ብትጠይቁ በደንብ ያስረዷችኋል።

ደግሞስ ያንተ ሌባ የሰው ፊት ለጥፎ ቢሆን ኖሮ ምን ይጠቅምህ ነበር? የማን ፊት እንደሆነ በምን ታውቃለህ? የማንንም መልከ መልካም ልጅ ፎቶ አውርዶ መለጠፍ የደቂቃ ስራ ነው። የምኒልክን ፊት ስታይ ቢያንስ ሰውዬው ምኒልክ እንዳልሆነ ታውቃለህ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ «ከኢንተርኔት የተለቀመ ነው ታሪክ የለውም» ወዳልከው፣ እዚች ላይ ነው በጣም የተናደድኩት። የተለቀመ የለም አላልኩም፣ አለ። እኔ ራሴ ያነሳሁትን ብር ከነጭረቱ ሌላ ሰው የኔ ነው ብሎ ሲሸጠው አይቻለሁ፣ ጭረቷን እንኳ አላጠፋትም። ግን ትንሽ የቆየ ሰብሳቢ ፕሮፋይሉን ዝም ብሎ አይመርጥም፣ አንተ ስላልጠየቅካቸው ነው እንጂ እያንዳንዳቸው የሚያወሩት አላቸው።

አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ ፕሮፋይሉ ባዶ ክብ ነው፣ ግራጫ፣ ምንም ያልተጻፈበት። አንተ ብታየው «ይሄስ ለይቶለታል» ነበር የምትለው። ምንድነው ብዬ ስጠይቀው «የልጅ ኢያሱ ብር ነው» አለኝ። ልጅ ኢያሱ የኛው የንጉስ ሚካኤል ልጅ፣ አጼ ምኒልክ አልጋ ወራሽ ያደረጉት የልጅ ልጃቸው፣ ዘውድ ሳይጭን ነው መስከረም 1909 ላይ የተሻረው፣ በወሩ ደግሞ አባቱ ሰገሌ ላይ ተሸነፉና ነገሩ በዛው አበቃ። በሱ ፊት የተመታ ሳንቲም የለም፣ በሱ ዘመን ገበያ ላይ ሲዞር የነበረው የአያቱ ፊት ያለበት ነው። እና ይሄ ልጅ ሳንቲሞቹን በደረደረበት አልበም ላይ በምኒልክና በጃንሆይ መሃል አንድ ኪስ ባዶ ትቷል፣ ማንም ሳንቲም ሊያስገባባት ሲል ይቆጣል፣ ፕሮፋይሉም እሷው ናት። የንጉስ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አጠገብ ላደገ ልጅ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ሆጤ አካባቢ ያለ አንድ አስተማሪ ደግሞ አለ፣ ፕሮፋይሉ ላይ የሚታየው የአንበሳ እግር ብቻ ነው፣ ሌላው ተቆርጧል። ለምን ቢባል ሻጭ ሁሉ የሚያሳይህ የምኒልክን ፊት ስለሆነ ነው። የምኒልክ ብር መጀመሪያ ፓሪስ ነው የተመታው፣ ላዩ ላይ ያለው ዓመት 1887 ነው በኛ፣ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ። ከኋላው ሞዓ አንበሳው አለ፣ ባንዲራ የያዘው። በመጀመሪያዎቹ ላይ አንበሳው የሚያነሳው የግራ እግሩን ነው፣ በኋለኞቹ የ1892 እና የ1895 ብሮች ላይ ቀኙን። ፎርጅድ የሚሰራው ሰው ብዙ ጊዜ ይሄን አያውቅም፣ ወይም ከአንዱ ፊቱን ከሌላው ጀርባውን ወስዶ ያጋባቸዋል። አስተማሪው ምን ይላል መሰላችሁ፣ «ፊቱን ማንም ያያል፣ እግሩን የሚያይ ነው ሰብሳቢ»። ያቺ የተቆረጠች እግር ፕሮፋይል ላይ ስትታይ ለሚያውቅ ሰው «እኔን በዓመተ ምህረት አትሸውዱኝም» ማለት ናት።

ሌላም ነገር ከፎቶዋ ይነበባል። ሳንቲሙ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ ከሆነና ዘመኑ የድሮ ከሆነ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ በሎሚ ወይ በአመድ ፈትጎታል ማለት ነው፣ ጀማሪ ነው፣ ሳንቲም ሲታጠብ ዋጋው እንደሚወርድ የነገረው የለም። ጥቁረቱን ከነወዙ የተወው ሰው የሚያውቅ ነው። ጠርዙን ጭምር ያሳየ ሰው ደግሞ የበለጠ የሚያውቅ ነው። ለዚህ ነው አዲስ ሰው ሲያናግረኝ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት «ፕሮፋይልህ ላይ ያለው የማነው? ከየት አገኘኸው?» የምለው። የራሱ የሆነ ሰው ካልቆረጥከው አያቆምም፣ ከአክስቱ ሳጥን ነው፣ ከሰኞ ገበያ ነው፣ ከወይዘሮ እንትና ነው ይልሃል። አጭበርባሪው «ዝም ብሎ ፎቶ ነው ብሮ፣ ትገዛለህ አትገዛም?» ነው መልሱ። ያንተን ሰውዬ ይሄን ጠይቀኸው ነበር ወይ? ጽሑፍህ ላይ የለም።

የነጭ ንግስት ስላልከው። ማርያ ትሬዛ የኦስትሪያ ናት፣ እሺ፣ የሞተችውም በፈረንጅ 1780 ነው። ጠገራው ላይ ያለው ዓመትም 1780 ነው፣ ከሞተች ከመቶና ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የተመታውም ላይ ያው 1780 ነው፣ ምክንያቱም የኛ አካባቢና የቀይ ባህር ነጋዴ የለመድኩትን ካልሆነ አልቀበልም ስላለ ነው። ባሏ በ1765 ሞቶባት እስክትሞት ሀዘን ላይ ነው የኖረችው፣ ራሷ ላይ የጣለችው ሻሽ የሀዘን ነው። ነጋዴው ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ በዕንቁ እየቆጠረ ነበር የሚረከበው፣ ከተፋቀ ወይ ካነሰ ይመልሰው ነበር። አጼ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ሲያስመቱ እንኳ ክብደቱን ከሷ ጋ ነው ያስተካከሉት፣ ያም ሆኖ ገበያው እሷን ቶሎ አልተዋትም። እና የኦስትሪያ ንጉሳዊ ቤት ምን እንደሚመስል የማያውቅ የባቲ ግመል ነጋዴ ፊቷን ከኦስትሪያው ሰው በላይ ያውቃት ነበር ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

ደግሞ ያንተው ከተማ ውስጥ ኮምቦልቻ አንዲት እህት አለች፣ ፕሮፋይሏ ጠገራ ነው ግን አናቱ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። ሰብሳቢ እንዲህ ያለውን አይወደውም፣ ተጎድቷል ይለዋል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ለሷ ግን የአያቷ የአንገት ጌጥ ላይ የነበረ ነው፣ አያትየዋ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ስትወጣ ነበር የምታደርገው። ጌጡ በክፉ ቀን አንድ በአንድ እየተፈታ ተሸጠ፣ አንዱ ጤፍ ሆነ፣ አንዱ መድኃኒት ሆነ፣ አንዱ ምን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም፣ መጨረሻ ላይ ይቺ ቀረች። ንግስቲቱን እሷ መች አየቻትና፣ እሷ የምታየው የአያቷን ደረት ነው። ይሄን ሄደህ ውርደት ነው በላት እስቲ፣ አጠገብህ ናት።

በነገራችን ላይ ክርክርህን ልታጠነክርበት የምትችል ታሪክ ነበረች፣ አላነሳሃትም፣ እኔ ላንሳልህ። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ በፈረንጅ 1935 የጠገራውን መምቻ ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ፣ ወታደሩ እዚህ ሲገባ ሰዉ የሊሬ ወረቀት እንደማይቀበለው ያውቃል። ከዛ እንግሊዞችም ለምን ይቅርብን ብለው ለንደን ላይ መምታት ጀመሩ፣ ሁሉም ላይ 1780 ብለው። በዛው ሰሞን ህዳር 26 ቀን 1928 ደግሞ የጣሊያን አውሮፕላን ደሴን ደበደባት፣ ጃንሆይ ራሳቸው እዚሁ ነበሩ። አሁን ደሴ ውስጥ አንድ አባት አሉ፣ ፕሮፋይላቸው የሮሙ ጠገራ ነው፣ ከቪየናው በጥቃቅን ምልክት ነው የሚለየው፣ እሳቸው በማጉያ መነጽር ነው የለዩት። ለምን ይሄን መረጡ ሲባሉ «ቦምቡንም ብሩንም አንድ ላይ ነው የላኩልን፣ ቦምቡ ፈነዳ ብሩ ቀረ» ይላሉ። እና ውርደት ብለህ የጠራኸው ነገር እሳቸው ጋ ማስረጃ ነው።

«አምስት ሳንቲም የማያወጣ መዳብ ለጥፎ መጎረር» ያልከው ላይ ደግሞ ሳቄ ነው የመጣው። ጉራ ከሆነ ወርቅ ይለጥፍ ነበር እኮ! አንተ የጠቀስከው ጠርዙ ወጣ ገባ ያለው ስሙኒ ታሪኩን ብታውቅ ጽሑፍህን በሱ ነበር የምትጀምረው። 1936 የሚሉት ሳንቲሞች ሲወጡ፣ አሜሪካ ፊላደልፊያ ነው መጀመሪያ የተመቱት፣ ስሙኒው ክብ መዳብ ነበር፣ ሽልንጉ ደግሞ ብር። ሰዉ ምን አደረገ፣ ስሙኒውን ብር እየቀባ ሽልንግ ነው እያለ ማሳለፍ ጀመረ። ስለዚ ክቡ ስሙኒ ተሰበሰበና በሱ ፋንታ ጠርዙ ወጣ ገባ የሆነው መጣ፣ ጨለማ ውስጥ እንኳ በእጅህ ስትነካው ትለየዋለህ። ዛሬ ክቡን ያገኘ ሰው ይደሰታል፣ ብርቅ ነው። ያንን ጥርሳሙን ስሙኒ ፕሮፋይል ያደረገው ነጋዴ ምን እያለ እንደሆነ ገባህ? ማጭበርበር ትናንት አልተፈጠረም፣ እኔም ዘዴውን አውቀዋለሁ ነው እያለ ያለው። አንተ በተቃራኒው ሌባ ነው ብለህ ነው የለጠፍከው።

ከሱ ቀጥሎ ያሾፍክበት የደርጉ አንድ ሳንቲም ነው፣ የ1969ኙ፣ አሉሚኒየሙ፣ በነፋስ የሚሄደው። ላዩ ላይ ገበሬ በሁለት በሬ ሲያርስ አለ። እሱን ፕሮፋይል ያደረገውን ሰው አውቀዋለሁ፣ አባቱ በሰባ ሰባት ሁለቱንም በሬ ሸጦ ነው ከተማ የገባው። ይሄን ነው የነገረኝ፣ ከዛ በላይ አላወራም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ስለ አክሱም ሳንቲሙ እስማማለሁ ግን ግማሹን። ደሴ ሙዚየም በ2014 ጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል፣ ይሄ ለኛ የሩቅ ወሬ አይደለም፣ ባዶውን መደርደሪያ ያየ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ከሜዳ ተነስቶ የአክሱም ሳንቲም ልሽጥልህ ሲል ከየት አመጣኸው ማለት ግዴታህ ነው። የቅርስ አዋጁም፣ 209/1992 ማለት ነው፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር እንዲወጣ አይፈቅድም፣ ውጪ ላለ ሰው እልካለሁ የሚልህ ሻጭ ከገጠመህ ያኔ ጠርጥር፣ ጮክ ብለህ ጠርጥር። ግን ፎቶው ሌላ ሳንቲሙ ሌላ ነው ወንድሜ! የአክሱም ሳንቲም ፎቶ መለጠፍ ሌባ ካደረገ የታሪክ መጽሐፍ የያዘ ተማሪ ሁሉ ይታሰር። እኔ የማውቃት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፕሮፋይሏ መዳቡ ላይ በመስቀሉ ዙሪያ ወርቅ የተለበጠበት የአክሱም ሳንቲም ነው፣ ሳንቲሙን በእጇ ነክታውም አታውቅ። በዛ ዘመን በጣም በቀጠነ ወርቅ መዳብ ላይ እንዲህ የሚለብጥ ሰው ነበረን ወይ ብላ ስለገረማት ነው። ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ከሳንቲሙ ላይ ጨረቃና ክቡ ወርደው መስቀል ገባ፣ የነገስታቱ ስም የሌለባቸው መዳቦች ላይ ደግሞ በግሪክ «ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ተጽፏል። ይሄን ሁሉ ከአንዲት ፕሮፋይል ፎቶ ተነስታ ነው ያጠናችው፣ አሁን ኢንዱቢስ ወዜባ እያለች የአክሱም ነገስታትን ስም ስትጠራ ታደክመናለች።

መጨረሻ ላይ ያቀረብከው መፍትሄ፣ መታወቂያና ሳንቲም ይዞ ፎቶ መነሳት። ኧረ በፈጣሪ! የፋይዳ ቁጥርህን ለማታውቀው ሕዝብ ለጥፈህ ብርህን አስተማምነህ ስምህን ልትዘረፍ ነው? አጭበርባሪው እኮ የሚፈልገው እሱኑ ነው፣ ያንተን ፎቶ ወስዶ ነገ በስምህ ሌላ ሰው ላይ ይሸጥበታል። ከዚህ የሚቀል ነገር አለ። ሻጩ ሳንቲሙን ወረቀት ላይ አስቀምጦ፣ ወረቀቱ ላይ ያንተን ስምና የዛሬን ቀን በእጁ ጽፎ፣ ፊቱን ጀርባውን ጠርዙን ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። ጠርዙን አትርሳ፣ የጠገራው ጠርዝ ላይ በላቲን «ፍትህና ምህረት» የሚል ጽሑፍ አለ፣ በማፍሰስ የተሰራ ፎርጅድ እዛ ላይ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል። ከኢንተርኔት የለቀመ ሰው ይሄን ፎቶ ሊያመጣ አይችልም፣ «ስልኬ ካሜራው ተበላሽቷል» ማለት ይጀምራል፣ እዛው ላይ ብሎክ አድርገው።

ትልቅ ግዢ ከሆነ ደግሞ ፎቶም አያስፈልግህ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ አለ። ሰው የሚበዛበት ሻይ ቤት ቅጠረው፣ ትንሽዬ የወርቅ ሚዛንና ማግኔት ኪስህ ከተህ ና። ብር ማግኔት አይስበውም፣ ከሳበው ሂሳብህን ከፍለህ ውጣ። ካልሳበው መዝነው፣ ጠገራም ይሁን የምኒልክ ብር 28 ግራም አካባቢ መሆን አለበት፣ በእጅ ብዛት ካለቀ ትንሽ ሊጎድል ይችላል፣ 24 ወይ 25 ካለህ ግን ሻይህን ጨርሰህ ተነስ፣ የሰውዬውን ፕሮፋይል ማየትም አያስፈልግህም።